ለአሠልጣኙ የቀረበ የወላጅ ምስጋና

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪዎች ወላጆች አንዱ ያደረጉት ንግግር)

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ በዓል ላይ በወላጆች ስም ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ የንግግር ባለሙያ አይደለሁም። መተዳደሪያዬ የልብስ ስፌት ነው። ስለዚህ ንግግሬ እንደ ሊቃውንት ንግግር ያጌጠ ባይሆንም፣ እንደ ሥራዬ ተለክቶ የተቈረጠ ይሆን ዘንድ እሞክራለሁ።

በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ወላጆች መምህራንን ሁሉ በአንድነት አመስግነው መቀመጣቸው የተለመደ ነው። የሒሳቡንም፣ የቋንቋውንም፣ የሳይንሱንም መምህር ልናመሰግን ይገባናል፤ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ለቁም ነገር የበቃ ልጅ ሁሉ የእነርሱ የድካም ፍሬ ነውና። ዛሬ ግን፣ ሌሎቹ መምህራን ፈቃዳቸው ይሁንና፣ ስለ አንድ መምህር ብቻ ልናገር አስቤአለሁ። እርሳቸውም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችንና የሩጫ ቡድናችን አሠልጣኝ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለ ለመኑኝ አልጠራውም፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቃቸው የለም።

ስለ ስፖርት መምህር በሕዝብ ዘንድ ያለው አስተያየት አነስተኛ ነው። ብዙ ሰው ፊሽካ የሚነፋ፣ ኳስ የሚያቀብል፣ ልጆችን ሜዳ ለሜዳ የሚያሯሩጥ ሰው እንጂ እንደ ሌሎቹ መምህር አድርጎ አይቈጥረውም። ቡድኑ ሲያሸንፍ ተማሪው ይመሰገናል፤ ሲሸነፍ ግን አሠልጣኙ ይወቀሳል። እኔ ግን የአሠልጣኝነት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በልጄ ላይ አይቼዋለሁና፣ ያየሁትን መናገር ግዴታዬ ነው።

በአገራችን አደራ የሚባል ትልቅ ነገር አለ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ሰው ለሰው ገንዘቡን፣ ከብቱን፣ የቤት ዕቃውን አደራ ይሰጣል፤ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አደራ ግን ልጅ ነው። ጧት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ ሁሉ አደራ ሰጭ ነው። የክፍል መምህሩ የልጁን አእምሮ ይቀበላል። አሠልጣኙ ግን ከአእምሮው ጋር አጥንቱንና ጅማቱን፣ ልቡንና ሳንባውን ጨምሮ ይቀበላል። በደብተር ላይ የተጻፈ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በልጅ አጥንት ላይ የተፈጸመ ስሕተት ግን በላጲስ የሚጠፋ አይደለም።

አሁን በዚህ ትምህርት ቤት የተማረች አንዲት ልጅ አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል እንደ ገባች መምህሩ በክፍለ ጊዜያቸው ስትሮጥ አይተው ለሩጫ የተፈጠረች መሆንዋን ተረዱ። ነገር ግን ወደ ቡድኑ ከማስገባታቸው በፊት ቤታችን ድረስ መጡ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሳለ ተቀምጠው ሦስት ነገር ነገሩን። አንደኛ፣ በትምህርቷ ወደ ኋላ የቀረች እንደ ሆነ ልምምዱ የሚቆም መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ልምምዱ ሳይመሽ እንደሚያልቅ፣ ሴቶች ልጆችም ሁልጊዜ በቡድን ሆነው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱና በልምምዱ ሰዓት ከሴቶች መምህራን አንዲቱ በሜዳው ላይ እንደምትገኝ፤ ሦስተኛ፣ ልጅቱ ባዶ ሆዷን ሜዳ ላይ እንዳትደርስ እኛ እንድንጠነቀቅ ነው።

የልጄ እናት ነገሩን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ፣ «ልጄ ሮጣ ምን ታገኛለች?» ብላ ጠየቀቻቸው።

በዚህ ጊዜ ስለ ዝና፣ ስለ ገንዘብና ስለ ውጭ አገር ጉዞ መናገር ቀላል ነበረ። እርሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «እትዬ፣ ምናልባት ሜዳልያ የሚባል ነገር አታገኝ ይሆናል። ጤንነትንና ሥርዓትን ግን ታገኛለች። ከዚህ የበለጠ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም።»

እኔም በዚያን ሰዓት ልጄን ለታመነ ሰው የሰጠሁ መሆኔን ዐወቅሁ። የማይፈጽመውን ተስፋ የማይሰጥ ሰው፣ የሰጠውን ቃል ይጠብቃልና።

ቃላቸውንም ጠበቁ። በአሥረኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የልጄ የፊዚክስ ማርክ ዝቅ ባለ ጊዜ፣ ከቡድኑ ሁሉ ብልጫ ያላት ሯጭ ብትሆንም፣ እስኪሻሻል ድረስ ሦስት ሳምንት ከልምምድ አስቀሩዋት። ልጅቱ አኰረፈች፤ ነገር ግን አጠናች፤ ማርኩም ተሻሻለ።

ከሁሉ የበለጠው ነገር የሆነው ግን በዚያው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊደረግ አሥራ አምስት ቀን ያህል ቀርቶት ነበር። ልጄ የምትሮጠው 1,500 ሜትር ሲሆን፣ ይህም በ400 ሜትር ሜዳ ላይ ሦስት ዙርና የዙር ሦስት አራተኛ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ በእርሷ ተስፋ ጥለው ዋንጫው ወደዚህ ግቢ እንደሚመጣ አስቀድመው ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ስትሮጥ ሲመለከቱ የግራ እግሯ እርምጃ እንዳጠረ አስተዋሉ። ጠርተው ቢጠይቋት «ምንም አልሆንሁም» አለች። እንግዲያውስ ተቀመጪና ቅልጥምሽን ራስሽ በአውራ ጣትሽ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያልሽ ተጫኚው አሏት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ሌሊትም ያማት እንደ ሆነ ጠየቋት፤ በዚህ ጊዜ እንባዋ መጣ። ለካ ከውድድሩ እንዳትቀር ፈርታ ሕመሙን ለእኛም፣ ለጓደኞችዋም ሳትናገር ቀናት አሳልፋ ኖሯል።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ራጅ ተነሣች፤ በፊልሙም ላይ ምንም ስንጥቅ አልታየም። ይህ ወሬ በትምህርት ቤቱ በተሰማ ጊዜ ብዙዎች «እንግዲህ ደኅና ነች፣ ትሩጥ» አሉ። አንዳንዶቹም ቡድኑን ከመውደዳቸው የተነሣ በፋሻ ጠፍሮ፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌ አስወግቶ ማስሮጥ ይቻላል እያሉ ለመምህሩ ምክር ይሰጡ ጀመር።

ሐኪሙ ግን የገለጹልን ነገር ሌላ ነበረ። በብዙ ሩጫ ምክንያት በአጥንት ላይ የሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ልጅቱ ዐርፋ የተቀመጠች እንደ ሆነ አጥንቱ በራሱ ይጠግናል፤ በሕመሙ ላይ የሮጠች እንደ ሆነ ግን ቀጭኑ ስንጥቅ ወደ ሙሉ ስብራት ሊለወጥ ይችላል። ማስታገሻ መርፌም ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አጥንቱን አያድነውም። ሕመም ማለት የአጥንት ጩኸት ነውና፣ ጩኸቱን ዝም ማሰኘት ቤቱ ሲቃጠል የጠባቂውን አፍ እንደ መያዝ ነው።

በዚያው ምሽት መምህሩ ወደ ስፌት ቤቴ መጥተው ደንበኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንዲህም አሉኝ፦ «ጋሼ፣ ልጅዎ አትሮጥም። ዋንጫው የትምህርት ቤቱ ነው፤ እግሯ ግን የራሷ ነው። ውድድሩ ካለፈ በኋላ ብዙ ዘመን ትሄድበታለች።» ከዚያም ከቦርሳቸው ለልጄ የሰፋሁላትን ማሊያ አውጥተው በእርሷ ምትክ ለምትሮጠው ትንሽ ልጅ እንዳጠብበው ለመኑኝ። እኔም በዚያው ሌሊት አጠበብሁት።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ምትክ የሆነችው ልጅ ዐቅሟ የፈቀደውን ያህል ሮጣ ሰባተኛ ወጣች። ዋንጫውም በጥቂት ነጥብ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። በሚቀጥለው ሰኞ በግቢው ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። መምህሩ ልጅቱ ሕመሟን መደበቋን ቢናገሩ ወቀሳው ወደ እርሷ በሄደ ነበር። እርሳቸው ግን በሰልፉ ፊት ቆመው «ውሳኔው የእኔ ነው» ብለው ከዚያ በላይ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወረዱ። በልጄ ላይ ሊወርድ የነበረውን ዝናም በራሳቸው ካባ ተቀበሉት።

ጥቂት ሳምንታት አልፈው ራጁ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ፣ በዚያው በጣቷ በተጫነችው ቦታ ላይ አዲስ አጥንት ጠግኖ የፈጠረው ምልክት ታየ። ስንጥቁ በእርግጥ ነበረ ማለት ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ተረት በልጄ ላይ ሳይደርስ የቀረው፣ አንድ ሰው ከፊልሙ ይልቅ የልጅቱን ሕመም ስላመኑ ነው።

ደግሞም በዕረፍት ላይ በነበረችባቸው ስምንት ሳምንታት አልጣሏትም። ሰዓት መያዣውንና የልምምዱን መዝገብ አስረከቧት። እያንዳንዱ ሯጭ በየቀኑ ስንት ዙር እንደ ሮጠ፣ እንዴት እንደ ተኛ፣ የት እንደሚያመው የሚጻፍበት ደብተር ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በእግር መሄድ፣ ቀጥሎ ጥቂት መሄድና ጥቂት መሮጥ፣ በመጨረሻም መሮጥ እያሉ መለሷት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለአሠልጣኞች ምክር ይመስለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። በዕለቱ ከእርሷ የምትበልጥ ልጅ ነበረችና ሁለተኛ መውጣቷ ተገቢ ነበረ። እኔ ግን ያን ቀን የተመለከትሁት ደረጃዋን ሳይሆን እግሯን ነው።

ልጄ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ትማራለች፤ ለኮሌጁም ቡድን ትሮጣለች። ወደዚያ ስትሄድ መምህራችን ያን ደብተር በፖስታ አሽገው ለኮሌጁ አሠልጣኝ ላኩላቸው። ኮሌጁ ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ያላየኋቸው ሰው በስልክ ጠርተው ስለ ልጄ የግራ ቅልጥም ጠየቁኝ። አደራ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ። ለእኒህም ለማላውቃቸው የኮሌጅ አሠልጣኝ ምስጋናዬ ከዚሁ ጋር ይድረሳቸው።

ክቡራን ሆይ፣

የአገራችን የስፖርት ታሪክም ቢሆን ከአሸናፊው በስተኋላ ያለውን ሰው እንድንመለከት ያስተምረናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨርሶ ዓለምን ባስደነቀ ጊዜ፣ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበረ። በአርሲ በበቆጂ ከተማ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ብሔራዊ ቡድናችንን ለብዙ ዓመታት ያሠለጠኑት፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም በዚሁ ተራ ይጠራሉ። ነገር ግን በኦሊምፒክ ሜዳ ሜዳልያ የሚንጠለጠለው በሯጩ አንገት ላይ እንጂ በአሠልጣኙ አንገት ላይ አይደለም። ለአሠልጣኝ የሚሰጠው ሜዳልያ የሰው ምስጋና ብቻ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በሮምና በቶኪዮ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ማራቶንን ያሸነፈው ያው ታላቅ ሯጭ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በታመመ እግሩ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ለማቋረጥ ተገደደ። ወርቁን ለአገራችን ያመጣው በዚያው ውድድር የሮጠው ማሞ ወልዴ ነው። ይህን የምናገረው የአበበን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ ክብሩ በማንም ቃል የሚቀንስ አይደለምና። ነገር ግን ጀግንነት የታመመን አጥንት የማይጠግን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በዓለም አንደኛ የሆነው ሰው አጥንት እንዲህ ካለ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አጥንትማ ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ከእናንተ መካከል የምትሮጡ፣ ኳስ የምትጫወቱ፣ የምትዘሉ ብዙዎች ናችሁ። አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚያማችሁን ለአሠልጣኛችሁ ደብቃችሁ አትሩጡ። ሕመምን መደበቅ ጉብዝና አይደለም። አሠልጣኝ ሐኪም አይደለም፤ የውስጣችሁን ሊያውቅ የሚችለው እናንተ እውነቱን ስትነግሩት ነው። ደግሞም አሠልጣኛችሁ «ዛሬ አትሮጥም» ባላችሁ ጊዜ የከለከላችሁ አይምሰላችሁ፤ ለነገ እያስቀመጣችሁ ነው። በጓደኛችሁ ምትክ ገብታችሁ ሰባተኛ ብትወጡም አትፈሩ። ያቺ ሰባተኛ የወጣችው ልጅ የጓደኛዋን እግር ካዳኑት አንዷ ናት፤ እኔም በዚህ አደባባይ አመሰግናታለሁ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤

ልጆቻችን ከውድድር ሲመለሱ «አሸነፍህ ወይ? አሸነፍሽ ወይ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ደኅና ነህ ወይ? ደኅና ነሽ ወይ?» ማለት ይገባናል። ቁርሳቸውን ሳይበሉ፣ እንቅልፋቸውን ሳይጠግቡ ወደ ሜዳ ልከን ውጤቱን ከአሠልጣኙ ብቻ መጠበቅ ፍርድ አይደለም። ከዚህም በላይ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሜዳው ብቅ እንበል። አሠልጣኙ አደራ ሰጭው እንዳልረሳው ሲያይ ልቡ ይበረታል። የሴቶች ልጆች ወላጆችም የልምምዱን ሰዓት፣ የመመለሻውን መንገድና በሜዳው ላይ የሚገኙትን መምህራን መጠየቅ መብታችን ነው። ደግ አሠልጣኝ በጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

ክቡር ዲሬክተር፤

በቢሮዎ መግቢያ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ትምህርት ቤታችን ያገኛቸው ዋንጫዎች ተደርድረዋል። ስገባ ሁሉ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ደስም ይለኛል። የዚያ ዓመት ዋንጫ ግን በመካከላቸው የለም። የበዓሉ መጽሔት የትምህርት ቤቱን ድሎች ሲዘረዝር ያ ዓመት ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ነው በዚህ ስፍራ የተናገርሁት። በዚያ ዓመት ይህ ትምህርት ቤት አንድ ዋንጫ አጥቶ አንዲት ልጅ ከነሙሉ አካልዋ ለወላጆችዋ አስረክቧል። በእኔ ሚዛን ይህ ከድሎቹ ሁሉ የሚያንስ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እርስዎ፣ ወደ ተከበሩት አሠልጣኝ፣ እመለሳለሁ።

የልጄ እናት «ልጄ ሮጣ ምን ታገኛለች?» ብላ በጠየቀችዎ ጊዜ ጤንነትና ሥርዓት ብለው ነበር። ሁለቱንም አግኝታለች። ነገር ግን ያልጠቀሱትን ሦስተኛ ነገር ጨምረውላታል፤ እርሱም የሰውን አደራ እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ነው። በዕረፍቷ ወራት ወደ ቤት ስትመጣ የሠፈሩን ሕፃናት ሰብስባ ታሯሩጣለች። ከማስጀመሯ በፊት አንዱን በአንዱ እየጠራች «ቁርስ በልተሃል? የሚያምሽ ቦታ አለ?» ስትል ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። ይህን አነጋገር ከማን እንደ ተማረችው ዐውቃለሁ።

ውለታዎን በገንዘብ ልከፍል የምችል ሰው አይደለሁም፤ ቢኖረኝም የሚከፈል አይደለም። ስለዚህ በእኔ፣ በልጄ እናትና በዚህ በተቀመጡት ወላጆች ሁሉ ስም፣ አደራውን የተቀበሉበት እጅ ይባረክ እላለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ያሠለጠኗቸው ልጆች ወደ ደግ ደረጃ ደርሰው ለማየት ያብቃዎ።

ለትምህርት ቤታችን፣ ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ መልካም በዓል እመኛለሁ።